ኢየሩሳሌምን መሳለም፦ ስንቅና ንስሐ

ኢየሩሳሌምን መሳለም የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን ወደ ቅድስት አገር፣ ከሁሉም በላይ ለትንሣኤ በዓል፣ የሚያደርጉት መንፈሳዊ ጉዞ ነው። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬ ወይም ከገበዝ ማርያም አካባቢ ለሚነሣ ሰው በረራው የጉዞው ትንሹ ክፍል ነው፤ ዝግጅቱ ግን ዓመታት ይፈጃል። ገንዘብ ማጠራቀሙና ነፍስን ማዘጋጀቱም ተለያይተው የሚሠሩ ሁለት ሥራዎች አይደሉም። ምን ተሸጦ፣ ከማን ተበድሮ፣ ማንን አስቀይሞ የሚለው ጥያቄ ንስሐ አባት ፊት የሚቀርብ ጥያቄ ነውና።

መንገዱ ጥንታዊ ነው። አባ ኤዎስጣቴዎስ በ14ኛው መቶ ዓመት ከደቀ መዛሙርታቸው ጋር በግብፅ አድርገው ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ፤ ከዚያም በቆጵሮስ አልፈው አርመን አገር ደረሱና እ.ኤ.አ. በ1352 በዚያው ዐረፉ። ሳይመለሱ መቅረት የዚያ ዘመን ተሳላሚ አስቀድሞ የሚያስበው ነገር ነበር። አንዳንዱ በመተማና በሱዳን በኩል የዓባይን ሸለቆ ተከትሎ ይወርድ ነበር፤ ሌላው ወደ ምጽዋ ወርዶ በቀይ ባሕር ግብፅ ይደርስና የሲናን በረሃ ያቋርጥ ነበር። ጥም፣ ወንበዴና ባሪያ ፈንጋይ ስለሚጠብቁት ከቤቱ ሲወጣ ተናዞ ይወጣ ነበር። የጅቡቲው ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ከገባ በኋላ መንገዱ ቀለለ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ወደ አውሮፓ ሲሄዱ አስቀድመው ኢየሩሳሌምን የተሳለሙት በባቡርና በመርከብ ተጉዘው ነው፤ ከተከተሏቸው መኳንንት አንዱ የጎጃሙ ገዥ ራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ነበሩ። የገበሬውና የመኳንንቱ ጉዞ በወጪ ባይመሳሰልም መድረሻው አንድ ነው።

መድረሻው ዴር ሡልጣን ነው፤ በጎልጎታ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ መነኮሳቱ በትናንሽ ጎጆዎች የሚኖሩበት ገዳም። እ.ኤ.አ. በ1838 ወረርሽኝ መነኮሳቱን ከፈጀና ሰነዶቻቸው ከተቃጠሉ ወዲህ ከግብፃውያን ጋር የነበረው የይዞታ ክርክር ባሰ። የሁለቱ ጸሎት ቤቶች የቅዱስ ሚካኤልና የአርባዕቱ እንስሳ ቁልፍ በኢትዮጵያውያን እጅ የገባው እ.ኤ.አ. በ1970 በትንሣኤ ሌሊት ነው። ከአሮጌው ከተማ ውጭ ደግሞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ያስጀመሩት፣ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመው ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አለ። ነገሥታቱና መኳንንቱ በዚያ ያሠሯቸው ቤቶች ኪራይ እስከ ዛሬ ገዳማቱን ይረዳል። ይህ በእኔ ግምት ከብዙ ስጦታ የሚበልጥ አስተዋይነት ነው፤ ወርቅ ቢላክ ኖሮ ያልቅ ነበር።

መንፈሳዊው ዝግጅት ከንስሐ አባት ይጀምራል። ኑዛዜ፣ ቀኖና፣ ስግደት፣ ቢቻል ሥጋ ወደሙ መቀበል፤ ይህ የታወቀ ነው። የሚከብደው ዕርቁ ነው። በድንበር የተጣላ ጎረቤት፣ በውርስ የተኳረፈ ወንድም፣ ያልተመለሰ ብድር ሁሉ ከመንገዱ በፊት መልክ እንዲይዝ ይጠበቃል፤ ሽማግሌ የሚቀመጥለትም ጊዜ አለ። ጉዞው ለትንሣኤ ስለሆነ ተሳላሚው የሚነሣው ሁዳዴን እየጾመ ነው፤ ስንቁም በዚሁ ይወሰናል። ቆሎ፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎና ድርቆሽ ይያዛል፤ ቅቤ የነካው ጭኮ ይቀራል።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ ምንጩ እህሉ፣ ከብቱና በርበሬው ነው፤ የቡሬና የፍኖተ ሰላም አካባቢ በበርበሬ የታወቀ ነው። የከተማው ነጋዴ ዕቁብ ይገባል፤ የወጣለት ዓመት ይሄዳል። ልጆቻቸው ውጭ አገር ላሉላቸው እናቶች ደግሞ ልጆቹ ይከፍሉላቸዋል። ብዙው ጉዞ ስለት ነው፤ የታመመ ልጅ ቢድን ተብሎ የተሳለ ስለት ቀን አይቆረጥለትም እንጂ አይሻርም። ተበድሮ መሄድን ግን ጠንቃቃ ንስሐ አባት አይወድም፤ ቤተሰቡን አስርቦ የሚሄድ ሰው ጸሎቱን ከቤቱ ጓዳ ቢጀምር ይሻለዋል።

ዛሬ የአውሮፕላን ትኬት፣ ቪዛ፣ ማደሪያና አውቶቡስ በአንድ ላይ ተጠቃሎ ለጉዞ አዘጋጅ ይከፈላል። በረራው ከአዲስ አበባ ቴል አቪቭ አራት ሰዓት ገደማ ቢሆንም፣ ወጪው በመሠረቱ የውጭ ምንዛሪ ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ፤ በብር ሲያጠራቅም የኖረ ሰው ያሰበው ጉዞ ባንድ ክረምት ራቀው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ያለው ጦርነት አዲስ አበባ መድረሱን ራሱን አስቸጋሪ አደረገው፤ ከ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ የተነሣው የጋዛ ጦርነትም መድረሻውን አወከ። ስለዚህ ገንዘብ ከመክፈል በፊት የአዘጋጁን ፈቃድ ማየት፣ ጉዞው ቢሰረዝ ምን እንደሚመለስ በጽሑፍ መያዝ፣ ደረሰኝ መቀበል ከጾሙ እኩል መታሰብ ያለባቸው ነገሮች ናቸው።

የገበዝ ማርያም ስም እዚህ ላይ ትዝ ይላል። ገበዝ የቤተ ክርስቲያን ንዋየ ቅድሳትና ሀብት ጠባቂ ሹም ነው፤ ተሳላሚውም በጊዜው ለጎረቤቱ እንደ ገበዝ ይሆናል። መሄዱ ሲሰማ አንዷ ለሻማ፣ ሌላው ለዕጣን፣ ሌላው ለገዳሙ ብሎ ጥቂት ብር ያስይዘዋል። ብሩ ከራሱ ጋር እንዳይቀላቀል ለብቻ ይታሰራል። ከብሩ ጋር የክርስትና ስም ይሰጣል፤ ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ኃይለ ሚካኤል እየተባለ በወረቀት ይጻፋል፤ የሞቱትም ስም አብሮ ይገባል።

በቀዳም ሥዑር ከጌታ መቃብር ቅዱሱ ብርሃን ሲወጣ ተሳላሚዎች የሚያበሩት በክርስቶስ ዕድሜ ልክ 33 ሻማ የታሰረበት ነዶ ነው። ወዲያው ጠፍቶ ተጠቅልሎ ወደ አገር ይመጣል፤ አደራ ላስያዙት ቤቶች አንድ አንድ ይታደላል። ብዙ ጊዜ በወረቀቱ ላይ ያለው ስም ከሻማው ይበልጣል።