ስምና ዕውቀት
ስለ ሦስት የእንግሊዝኛ የሳይንስ ቃላት ታሪክ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሳይንስን ስሞች ያወጧቸው ግን ሰዎች ናቸውና፥ በስሙ ውስጥ የሰያሚው ዕውቀት ብቻ ሳይሆን ስሕተቱም አብሮ ተቀምጦ ይገኛል። በእንግሊዝኛ ቋንቋ ከሚሠራባቸው የሳይንስ ቃላት ሦስቱን ብንመረምር ይህ ነገር ግልጥ ይሆንልናል። ዓመታቱ ሁሉ የተጻፉት በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያው «አቶም» የሚለው ነው። ምንጩ የጽርእ ቋንቋ ሲሆን ትርጓሜው «የማይቆረጥ» ማለት ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ምዕት ዓመት የነበረው ፈላስፋ ዴሞክሪጦስ፥ ዓለም የተሠራው ሊከፈሉ ከማይችሉ ደቃቅ ነገሮች ነው ብሎ ያስተምር ነበር። እንግሊዛዊው ጆን ዳልተንም በ1808 ባሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ አሳብ የኬሚስትሪ ትምህርት መሠረት አደረገው። ነገር ግን በ1897 ጄ. ጄ. ቶምሰን ከአቶም ያነሰውን ኤሌክትሮንን አገኘ፤ በ1938ም ኦቶ ሃንና ፍሪትዝ ሽትራስማን ባደረጉት ሙከራ የዩራኒየም አቶም አስኳል ሲሰነጠቅ ተገኘ። የማይቆረጠው ተቆረጠ፤ ስሙ ግን አልተለወጠም።

ሁለተኛው «ኦክሲጅን» ነው። ፈረንሳዊው ላቯዝዬ በ1777 ይህን ስም ከሁለት የጽርእ ቃላት አጋጥሞ ሲያወጣ «አሲድን የሚወልድ» ማለቱ ነበር፤ አሲድ ሁሉ ያለዚህ አየር አይገኝም ብሎ ያምን ነበርና። በ1810 ግን እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ ክሎሪን ራሱን የቻለ ንጥረ ነገር መሆኑን ስላስረዳ፥ ዛሬ ሃይድሮክሎሪክ የሚባለው አሲድ ኦክሲጅን እንደሌለበት ታወቀ።

ሦስተኛው እኛ ወባ የምንለው «ማላሪያ» ነው፤ በጣልያንኛ «ክፉ አየር» ማለት ነው። በረግረግ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች በንዳድ እንደሚታመሙ የቀድሞ ሰዎች በትክክል ተመልክተዋል፤ ምክንያቱን ግን ከረግረጉ ለሚወጣው ሽታ ሰጡት። በ1880 ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን በአልጄሪያ፥ በበሽተኛ ደም ውስጥ የወባን ተሕዋስያን አየ፤ በ1897ም ሮናልድ ሮስ በህንድ አገር ተሕዋሱን በትንኝ ሆድ ዕቃ ውስጥ አገኘ። ረግረግን ማድረቅ ይጠቅም የነበረው ትንኟ የምትራባበትን ውሃ ስለሚያጠፋ እንጂ ሽታውን ስለሚያስወግድ አልነበረም። ስሙን ብቻ አምኖ ክፉ ሽታን የሚሸሽ ሰው፥ ሽታ በሌለው ንጹሕ ውሃ የምትፈለፈለውን ትንኝ አይጠነቀቃትም።

እንግዲህ የቃል ምንጭ የቀድሞ ሰዎች እንዴት ያስቡ እንደ ነበረ ያስረዳል እንጂ፥ ነገሩ ራሱ ምን እንደ ሆነ አይመሰክርም። መምህር ለተማሪው የቃሉን ምንጭ ሲነግረው መልካም ያደርጋል፤ ነገር ግን ስሕተቱ በማንና በምን ሙከራ እንደ ታረመ ሳይነግረው ቢተው፥ ተማሪው ያለፈውን ዘመን ስሕተት ዕውቀት መስሎት ይዞት ይሄዳል።