የባሕር እገዳውን የተቃወሙት የኦክስፎርድ ሰዎች

«የበጎ አድራጎት ድርጅት በፖለቲካ ውስጥ አይግባ» የሚለው ክርክር በየጊዜው ይነሣል። የኦክስፋምን አጀማመር ለሚያውቅ ግን ክርክሩ ውኃ የሚያነሣ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ1941 የናዚ ጀርመንና አጋሮቿ ግሪክን ይዘው እህሏን ዘረፉ፤ እንግሊዝ በበኩሏ ጠላትን ለማዳከም በባሕር የሚገባውን ምግብ አገደች። ሕዝቡ በመካከል በረሃብ አለቀ። እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1942 በኦክስፎርድ የቅድስት ማርያም ቤተ ክርስቲያን የተሰበሰቡት ጥቂት ሰዎች፣ የገዛ መንግሥታቸው ለሴቶችና ለሕፃናት ምግብ እንዲያሳልፍ ወተወቱ። በጦርነት መካከል ይህን መጠየቅ ቀላል ድፍረት አልነበረም።

ከመሥራቾቹ መካከል ቄስ ሪቻርድ ሚልፎርድና የግሪክ ሥነ ጽሑፍ ሊቁ ጊልበርት መሬይ ይገኙበታል። (ሊቁ በእንግሊዝ የመንግሥታቱ ማኅበር ደጋፊዎችን ኅብረት ለረጅም ዓመታት መርተዋል፤ ያንን ማኅበር እኛ ኢትዮጵያውያን እ.ኤ.አ. በ1936 ሳይደርስልን በመቅረቱ እናስታውሰዋለን።)

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የነጋዴው የሴሲል ጃክሰን ኮል ድርሻ ነው። ጦርነቱ ሲያበቃ በየከተማው የነበሩት መሰል ኮሚቴዎች ሲበተኑ የኦክስፎርዱ እንዳይዘጋ ካደረጉት ዋነኛው እርሳቸው ነበሩ። ዓላማውም ከግሪክ ወደ ዓለም ሁሉ ሰፋ። ከ1951 እስከ 1974 ድርጅቱን የመሩት ሌስሊ ከርክሊም፣ በጦርነቱ ዘመን ጠመንጃ አላነሣም ያሉ ኩዌከር ነበሩ።