ወደ ኋላ የሄደችው ልጅ ማን ሆና ነቃች?

በአምስት ኪሎ የተማሪ መኝታ ቤቶች ከፈተናና ከምግብ ቤቱ ወጥ ቀጥሎ ብዙ ክርክር የሚያስነሣው ጉዳይ፣ ይታመንም አይታመን፣ የአንድ የኮሪያ ልዑል ጉዳይ ነው። ሰውየው ከሞተ ሺህ ዓመት አልፎታል። ቢሆንም «አራተኛው ይሻላል ወይስ ስምንተኛው?» እየተባባሉ እስከ እኩለ ሌሊት የሚሟገቱለት ጠበቆች እዚህ አሉት። ድራማው «ሙን ላቨርስ» (የጨረቃ አፍቃሪዎች እንደ ማለት ነው) ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 በደቡብ ኮሪያው ኤስ.ቢ.ኤስ. ቴሌቪዥን በሃያ ክፍል የታየ ነው። እኛ ዘንድ የደረሰው እንደ ሌላው ሁሉ በፍላሽ፣ ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ነው።

ላላየው አንባቢ ባጭሩ እንንገረው። የዛሬ ዘመን ወጣት፣ ሕፃን ለማዳን ውሃ ውስጥ ገብታ ሳለ ፀሐይ ትጋረዳለች፤ ልጅቱም ትሰጥማለች። ስትነቃ ራሷን እ.ኤ.አ. በ941፣ በጎርዮ መንግሥት፣ ሄ ሱ በምትባል የመኳንንት ዘመድ ገላ ውስጥ ታገኛለች። ያለችው በስምንተኛው ልዑል ቤት ነው። መጀመሪያ እሱን ትወዳለች፤ ኋላ ፊቱ ላይ ጠባሳ ያለበትን አራተኛውን ልዑል፣ ዋንግ ሶን። ዋንግ ሶ ይነግሣል፤ እሷ ተለይታው ትሞታለች፤ በዚህ በኛ ዘመን ደግሞ ትነቃለች። አንድ ቀን በኤግዚቢሽን ላይ የንጉሡን ሥዕል ስታይ ትዝ ይላትና ታለቅሳለች። ዶርሙም አብሮ ያለቅሳል።

የተመልካቹ አስተያየት እንግዲህ ብዙ ዓይነት ነው። አብዛኛው ስለ ፍቅሩ ነው፤ ስምንተኛው ፈሪ ነው፣ አራተኛው ጨካኝ ነው፣ ልጅቱ ወላዋይ ናት፣ መጨረሻው ተቆርጧል፣ ሁለተኛ ምዕራፍ መሠራት ነበረበት፣ ወዘተ። በዚህ እኛ ጣልቃ አንገባም። ሰው የወደደውን ይውደድ። እኛን የከነከነን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ቼሪዮንግ የሚሰጠው አስተያየት።

ቼሪዮንግ ገረድ ናት። ሄ ሱ በጎርዮ ስትነቃ አጠገቧ የነበረች፣ የምታጥባት፣ የምታለብሳት እሷ ናት። ኋላ ለዘጠነኛው ልዑል ትሰልል እንደነበር ይታወቅና ንጉሡ በጭካኔ ያስገድላታል። ሄ ሱ ሬሳዋን ስታይ ከንጉሡ ጋር የነበራት ነገር ይሰበራል። ታዲያ ተመልካቹ ምን ይላል? «ይበላት! ከሃዲ!» ይላል። ሄ ሱንም «ለአንዲት ገረድ ብላ ንጉሥ ትተዋለች እንዴ?» እያለ ይወቅሳታል። ይኸን የሚሉት ከገጠር በወላጆቻቸው ላብ ተምረው እዚህ የደረሱ፣ እናታቸው በሰው ቤት እንጀራ ጋግራ ያሳደገቻቸው ልጆች ጭምር ናቸው። ሃያ ክፍል ሙሉ በመኳንንት ዓይን ሲያይ የከረመ ሰው የገረዲቱን አንገት በንጉሡ ሚዛን ቢመዝን ምን ይደንቃል!

ነገሩን የሚያባብሰው ደግሞ ታሪኩ ራሱ ነው። ዋንግ ሶ በእውን የነበረ ሰው ነው። በታሪክ ጉዋንግጆንግ ተብሎ የሚታወቀው፣ እ.ኤ.አ. ከ949 እስከ 975 ጎርዮን የገዛው አራተኛው ንጉሥ እሱ ነው። ስሙን በኮሪያ ታሪክ ያስጠራው የፊቱ ጠባሳ አይደለም። በ956 አንድ ሕግ አወጣ፤ ሕጉ ባሮች እንዲመረመሩና ከነሱ መካከል ነፃ ሰው ሆኖ ሳለ በጦርነት ምርኮ ወይም በዕዳ የተያዘው ሁሉ ወደ ነፃነቱ እንዲመለስ የሚያዝ ነበር። በ958 ደግሞ ሹመት በዘር ብቻ ሳይሆን በፈተና እንዲሆን የመንግሥት ፈተና አቋቋመ። ሰውየው ለባሮቹ አዝኖ ነው ብለን አናሞኝም። ባሪያ የመኳንንቱ ሀብት ነው፤ መሬታቸውን ያርሳል፣ ሲያስፈልግም ጦራቸው ይሆናል። ነፃ የወጣው ግን ለንጉሡ ይገብራል። መኳንንቱን ለማዳከም ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም፤ የቀሩትንም በሰይፍ ጨረሳቸው። ከሱ በኋላ በ987 ነፃ ከወጡት መካከል ወደ ባርነት እንዲመለሱ የተደረጉ አሉ። አንድ ሰው ነፃ ነህ ተብሎ ጎጆውን ቀልሶ፣ ልጅ ወልዶ፣ ከሠላሳ ዓመት በኋላ «ተመለስ» ሲባል! ለእኛ የዚያ ዘመን ልብ ሰቃይ ድራማ ይኸ ነው። ሃያው ክፍል ግን ከልዑላኑ እልፍኝ ብዙም ሳይወጣ አለቀ።

ይኸ የኮሪያ ብቻ ጉድለት አይደለም፤ የዚህ ዓይነቱ ድራማ ጠባይ ነው። «ሙን ላቨርስ» ራሱ እ.ኤ.አ. በ2011 ከታየው «ቡ ቡ ጂንግ ሺን» ከተባለው የቻይና ድራማ የተቀዳ ነው፤ እዚያም ልጅቱ የምትነቃው በካንግሺ ንጉሠ ነገሥት ልጆች መካከል ነው። በዚያው ዓመት የቻይና የቴሌቪዥንና የፊልም ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የጊዜ ጉዞ ድራማዎች ታሪክን ያቃልላሉ ሲል ነቅፏል። የባለሥልጣኑ ጭንቀት ለነገሥታቱ ክብር እንጂ ለገረዶቹ እንዳልሆነ መገመት አይከብድም። በስኮትላንድ ደግሞ ነገሩ ወደ መቃብር ደርሷል። «አውትላንደር» በተሰኘው፣ በ2014 በጀመረው ተከታታይ፣ የ1945 ነርስ ወደ 1743 ተመልሳ ጄሚ ፍሬዘር የተባለ ልብ ወለድ ሰው ታገባለች። እ.ኤ.አ. በ1746 የስኮትላንድ ተራሮች ጦር ባለቀበት በኩሎደን ሜዳ ላይ የፍሬዘር ጎሣ የመታሰቢያ ድንጋይ አለ። የድራማው አፍቃሪዎች ለዚያ ላልነበረው ሰው ሊያለቅሱ እየጎረፉ ሣሩን ስለረገጡት ድንጋዩ መከለል አስፈልጎታል። ከሥሩ ያሉት እውነተኞቹ ሙታን ግን አልቃሽ አላማራቸውም እንጂ ቢያምራቸው ኖሮ ተራ መጠበቅ ነበረባቸው።

በእነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ነገር አለ። ተጓዧ ስትሄድ ወይ እመቤት፣ ወይ የእመቤት ዘመድ፣ ቢያንስ ጌታ የሚወዳት ሴት ሆና ነው የምትነቃው። መመለሻም አላት። ያ ዘመን ለእሷ ፍቅር የሚያዝባት፣ ሲብስ የምትወጣበት ቤት ነው። ለነቼሪዮንግ ግን በር የለውም።

ይኸን ሥርዓት ገልብጦ የሠራው የኛው አገር ሰው መሆኑን ስንቱ ተማሪ ያውቃል? የጎንደሩ ተወላጅ ኃይሌ ገሪማ «ሳንኮፋ» የተባለውን ፊልሙን እ.ኤ.አ. በ1993 አወጣ። ሳንኮፋ በጋና አካን ቋንቋ «ተመልሰህ አምጣ» እንደ ማለት ነው፤ ምልክቱም አንገቱን ወደ ኋላ ያዞረ ወፍ ነው። ሞና የምትባል አሜሪካዊት ጥቁር ሞዴል በኬፕ ኮስት ምሽግ፣ ባሮች በመርከብ ይጫኑበት በነበረው ግንብ ላይ፣ ፎቶ ስትነሣ ትታያለች። ቦታው ለእሷ ጌጥ ነው። ከበሮ የሚመታ አንድ ሽማግሌ ይቆጣታል፤ አትሰማም። ከዚያ ወደ ምድር ቤቱ እስር ቤት ትገባለች፤ ጨለማው ውስጥ በሰንሰለት የታሰሩ ሰዎች ቆመው ያዩዋታል። «እኔ አሜሪካዊት ነኝ!» እያለች ብትጮህ ማን ሊሰማት! በጋለ ብረት ይተኩሷታል። ስትነቃ ሾላ ናት፤ በአንድ የሸንኮራ አገዳ እርሻ የጌታው የቤት ባሪያ።

ተመልካች ሆይ፣ እዚህም ፍቅር አለ። ሻንጎ የሚባል የእርሻ ባሪያ ይወዳታል፤ የሚሰጣት ስጦታ ቤተ መንግሥት ሳይሆን ከእንጨት የተፈለፈለ ያች ወፍ ናት። ሾላ መጀመሪያ ፈሪና «እግዜር ያውቃል» ባይ ናት፤ ጌታዋ ይደፍራታል፣ ዝም ትላለች። ቀስ በቀስ፣ ከሻንጎና ከአፍሪካ ተግዛ ከመጣችው ከኑኑ እየተማረች፣ በመጨረሻ ገጀራ ታነሣለች። ወደ ዘመኗ ስትመለስ ከምሽጉ የምትወጣው ያች ፎቶ ስትነሣ የነበረችው ሴት አይደለችም።

የዚህ ፊልም ተመልካቾች አስተያየትስ? አስተያየታቸውን በኪሳቸው ገለጹ። ፊልሙ በበርሊን ፌስቲቫል ለውድድር ቀርቦ ሳለ የአሜሪካ አከፋፋዮች አንወስደውም አሉ። ኃይሌና ባለቤቱ ሺሪኪያና አይና በዋሽንግተን ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። የጥቁሮች ማኅበረሰቦች ከከተማ ወደ ከተማ እየተቀባበሉ፣ በየቦታው እየተደራጁ፣ ፊልሙን ለወራት አዞሩት። ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ2021፣ ታድሶ በኔትፍሊክስ ወጣ። በዚያ ፊልም «የትኛው ልዑል?» ብሎ የሚከራከር የለም።

እዚህ ላይ ነገሩ ወደ ሠፈራችን ይመጣል። ጓደኞቻችንን «ወደ ጥንቱ አራዳ ብትመለሱ ማን ሆናችሁ ትነቃላችሁ?» ብለን ጠይቀን ነበር። አንዷ የእቴጌ ጣይቱ የቅርብ ወይዘሮ ሆነች። ሌላው ዐድዋ ዘመተ፤ ያውም በፈረስ፣ ያውም ጠመንጃ ይዞ። አንዱ ከራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓ ሄደ። ውሃ የሚቀዳ፣ ብረት ምጣድ የሚፈትግ፣ እንጨት ተሸክሞ ከእንጦጦ የሚወርድ አንድም አልተገኘም። ባሪያ ሆኖ የነቃማ ከየት ይምጣ!

መቼም ታሪኩ የተሰወረ አይደለም። ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መባቻ ወደ መንግሥታት ማኅበር ስትገባ አንዱ መከራከሪያ ይኸው ባርነት ነበር። በዚያው ዓመት ባሮች ቀስ በቀስ ነፃ የሚወጡበት ዐዋጅ ታወጀ፤ ባርነት በሕግ ጨርሶ የተሻረው ግን በ1934 ዓ.ም. ነው። የዛሬ ሰማንያ ምናምን ዓመት ማለት ነው፤ የአያቶቻችን እድሜ። ፋሺስት ኢጣሊያ በወረራው ዋዜማ ይኸንኑ በዤኔቭ እንደ ሰበብ ስላቀረበችው፣ ጉዳዩን ማንሣት ለጠላት መናገር መስሎን ዝም ማለትን የለመድን ይመስለናል። ቃሉ ግን ዝም አላለም። በዶርም ጠብ ሲነሣ ምን ተብሎ እንደሚሰዳደቡ ሁላችንም ሰምተናል፤ የሚሰደበውም የፊቱ ቀለም እየታየ ነው።

ከአምስት ኪሎ ግቢያችን ፊት ለፊት ብሔራዊ ሙዚየም አለ። የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ትልቁ ዙፋን እዚያ ተቀምጧል፤ ሰው ሁሉ ፊቱ ቆሞ ፎቶ ይነሣል። የኛ አገር የጊዜ ጉዞ ድራማ የተሠራ እንደሆነ ልጅቱ በመጨረሻው ክፍል እዚያ ዙፋን ፊት ቆማ እንደምታለቅስ ከወዲሁ መወራረድ ይቻላል። ለሥራው ሥፍራ ፍለጋ የሚወጣው ሰው እንኳ ይቸገራል፤ ዶሮ ማነቂያ በ2016 ዓ.ም. ፈርሷል፣ የፒያሳም ብዙው አሮጌ ቤት እንዲሁ። የተረፈው የጌቶች ቤት ነው፤ ጓዳው የለም።

እንዲህ ስንል አንድ የሥነ ጽሑፍ ተማሪ ወዳጃችን «ባሪያ አድርጋችሁ ካስነሣችኋት ፍቅሩን ታበላሹታላችሁ፤ ማን ያየዋል?» ሲል ተቃወመን። «ሳንኮፋ»ን በዚያው ምሽት በፍላሽ ሰጠነው። በማግስቱ ምሳ ላይ ስለ ሞና አንድም ነገር አላወራም፤ የጠየቀን ስለ ሻንጎ ብቻ ነበር፤ ያችን የእንጨት ወፍ ከሸንኮራው እርሻ ሥራ ተርፎት በምን ጊዜው እንዳገኛት።