ሽማግሌ የማይላክበት ቤት

ሚዛን ተፈሪ ላይ ታሪክ አስተምሬ ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ዋናው ሥራዬ ሽምግልና ሆኗል። ቡና ተለቅሞ፣ ደርቆ፣ ተሽጦ ገንዘብ እጅ ሲገባ፣ ዐቢይ ጾም እስኪያዝ ድረስ ያለው ጊዜ የሠርግ ወራት ነው፤ ጋቢዬን ደርቤ የሰው ደጅ የምጠናውም ያኔ ነው። «ልጃችሁን ለልጃችን» ብለን ገና ከመቀመጣችን፣ የልጅቱ አባት የልጁን ጠባይ ሳይጠይቅ ዘሩን ይጠይቃል። ሰባት ቤት መቁጠር የአባቶች ሥርዓት ነውና ቅር አይለኝም። ቅር የሚለኝ ቆጠራው ካለቀ በኋላ ድምፅ ዝቅ ተደርጎ የሚከተለው ነው፦ «ከእነዚያ ወገን ግን አይደለም አይደል?»

«እነዚያ» የሚባሉት በከፋና በሸካ ማንጆዎች ናቸው።

ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ካርል ዩንግ ይህን ጥያቄ ቢሰማ አይደነቅም ነበር። ሰው ሲወለድ ይዟቸው የሚመጣ ጥንታዊ ምስሎች አሉ ይል ነበር፤ አርኪታይፕ ይላቸዋል። ወንድ በውስጡ የሴት ምስል፣ ሴትም የወንድ ምስል ተሸክመው ይኖራሉ፤ በፍቅር ስንወድቅ መጀመሪያ የምናየው ሰውየውን ሳይሆን ያንን ምስል ነው። ሌላው ምስል «ጥላ» ነው፤ ከራሳችን ልንቀበለው የማንፈልገውን ሁሉ አሸክመን በሌላ ሰው ላይ የምናየው። ዩንግ ጋብቻን በዚህ ዓይን የተነተነበት ጽሑፉ የወጣው በ1925 እ.ኤ.አ. ነው። ጥሩ አድርጎ አይቷል እላለሁ። የምከራከረው ስለ ምስሉ ዕድሜ ነው። በእኛ አገር ማን እንደሚፈቀርና ማን እንደማይፈቀር የሚወስነው ምስል የታሪክ ልጅ ነው፤ ዘመንም ሊቆጠርለት ይችላል።

የከፋ መንግሥት ድንበሩን በጥልቅ ቦይና በአጥር ያስከብር ነበር። ወደ ውስጥ የሚያስገቡት በሮች ነበሩ፤ የእነዚህ በሮች ጠባቂዎች ደግሞ ማንጆዎች ነበሩ። አዳኞች ነበሩ፤ ጫካውን ከማንም በላይ ያውቁት ነበር። የጉሬዛና የከርከሮ ሥጋ ስለሚበሉ ግን ርኩስ ይባሉ ነበር። ከሌላው የከፋ ሰው፣ ከከፊቾ፣ ቤት አይገቡም፤ መንገድ ላይ ሲገናኙ ዳር ወጥተው ጎንበስ ይላሉ፤ መጋባት የሚታሰብ አልነበረም። እንዲህም ሆኖ ሹመት ነበራቸው። ንጉሡ እንቅልፉን የሚተኛው እነሱን በር ላይ አምኖ ነው።

በ1897 እ.ኤ.አ. በራስ ወልደ ጊዮርጊስ የሚመራው የዐፄ ምኒልክ ጦር ከፋን ሰበረ፤ የመጨረሻው ንጉሥ ታቶ ጋኪ ሸሮቾም ተማርከው ወደ ሸዋ ተወሰዱ፤ በ1919 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ላይ እስኪሞቱ አገራቸውን አላዩም። ዘውዳቸውን የዐፄ ምኒልክ አማካሪ አልፍሬድ ኢልግ ወደ ዙሪክ ወሰደው፤ የተመለሰው ብዙ ቆይቶ በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ነው። ቪየናዊው ፍሪድሪክ ቢበር ደግሞ በ1905 እ.ኤ.አ. ከፋን አይቶ፣ ልማዱን በሁለት ቅጽ ጻፈ። ዙሪክ የዩንግ ከተማ ናት፤ ቪየና የፍሮይድ። የነፍስን ምስጢር የሚመረምሩት ሁለቱ ከተሞች ከከፋ ዘውድና ከከፋ ታሪክ ጋር ጎረቤት ሆነው ኖሩ።

ከሽንፈቱ በኋላ ምን ተረፈ? በር የለም፤ ስለዚህ በር ጠባቂ የለም። ክብሩ ከመንግሥቱ ጋር ሄደ፤ ንቀቱ ብቻ ቀረ። ለከፋ የማንጆ መልክ አሁን ከሰል ተሸክሞ ገበያ የሚመጣ ሰው ሆነ። ለሠርግ ጠጅ የሚጣለው ማር እንኳ ብዙ ጊዜ ከእሱ ቀፎ የመጣ ነው፤ ከጠጁ ድግስ ላይ ግን ቦታ የለውም። ይህ ዩንግ «ጥላ» ያለውን ያስታውሰኛል፤ ከራሳችን ልንቀበለው የማንፈልገውን በምንፈልገው ሰው ላይ አሸክመን እንንቀዋለን።

እኔ ይህን ምስል ከእናቴ ወረስኩ፤ እናቴ የቦንጋ ሰው ናት፤ «ከእነሱ ቤት ውኃ እንዳትጠጣ» ብላ አሳድጋኛለች። አባቴ ከጎጃም ቡና ሊነግድ ቴፒ የመጣ ነው። እሱ የእናቴን አጉል ልማድ ይስቅበት ነበር፤ ግን እህቴን የቀጥቃጭ ልጅ ሲጠይቅ «ቡዳ ቤት ልጄን አልሰጥም» ብሎ ሽማግሌዎቹን መለሰ። ሰሜኑም የራሱ «እነዚያ» አለው፤ ብረት ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቆዳ ፋቂው። ዐፄ ምኒልክ ባለ እጆች በሙያቸው እንዳይሰደቡ አዋጅ አስነግረው ነበር። ከፋን ያስገበረውም የእሳቸው ጦር ነው። አዋጁ ስድብን ሊከለክል ይችል ይሆናል፤ ምርጫን ግን አይከለክልም።

ምርጫው መነቃነቅ የጀመረው ሌላ ነገር ሲመጣ ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሲሆን ማንጆውም በገበሬ ማኅበሩ መዝገብ ላይ ሰፈረ፤ በአንድ ስብሰባ ላይ አንድ ወንበር ያዘ። ካቶሊኮችና ፕሮቴስታንቶች ሲመጡ ማንጆና ከፊቾ አንድ ምዕመን ሆኑ፤ ምንም እንኳ አብረው ዘምረው ልጆቻቸውን ሳያጋቡ የቀሩ ብዙ ቢሆኑም። የበበቃና የቴፒ የቡና እርሻዎች ከከምባታ፣ ከወላይታና ከሰሜን ሠራተኛ ሰበሰቡ፤ የ77ቱ ድርቅ ሰፋሪ አመጣ። የማን ዘር እንደሆነ የማይታወቅ ሰው በዛ፤ ዘር ያልታወቀበት ቦታ ደግሞ ፍቅር መንገድ ያገኛል። ቡና ለቃሚ ከለቃሚ፣ ኋላም የሚዛን ቴፒ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከተማሪ መጋባት ጀመረ። የዛሬዎቹ ልጆች ምስል ዲግሪና ውጭ አገር ያለ ዘመድ ነው። ይህም ቢሆን ዘመን ያለው ምስል ነው፤ እነሱ ግን የተፈጥሮ ይመስላቸዋል።

ዩንግ የጋብቻ ጽሑፉ በወጣበት በዚያው በ1925 እ.ኤ.አ. መገባደጃ ኬንያ ገብቶ ኤልጎን ተራራ ሥር ሰዎችን ስለ ሕልማቸው ጠይቆ ነበር። አንድ ሽማግሌ፣ እንግሊዞች ከመጡ ወዲህ ትልቅ ሕልም እንደቀረ፣ ሁሉን የሚያውቀው አሁን የአውራጃው አዛዥ እንደሆነ ነገሩት። ዩንግ ራሱ የመዘገበው ይህ ቃል ለእኔ ክርክር በቂ ነው፤ መንግሥት ሲለወጥ የነፍስ ምስልም ይለወጣል።

እኔም በቅርብ የማውቃቸው ባልና ሚስት አሉ፤ እሱ ማንጆ፣ እሷ ከፊቾ። ወላጆቿ ሽማግሌ አንቀበልም ስላሉ አውቶቡስ ተሳፍረው አዲስ አበባ ገቡ። እዚያ ጎረቤቶቻቸው የደቡብ ምዕራብ ልጆች መሆናቸውን እንጂ ሌላ አያውቁም፤ ልጃቸው ሲጠመቅ አብረው በሉ፣ አብረው ጠጡ። ያ ጥላ የደም ቢሆን ኖሮ አብሯቸው በተሳፈረ ነበር፤ እዚህ የቀረው እዚህ ስለተሠራ ነው።