ጨው በባሮ ወንዝ

አያቴ የጎሬ ተወላጅ ነበረች። አንገቷ ላይ ሎሚ የምታክል እንቅርት ነበረችባት፤ እንግዳ ሲመጣ የነጠላዋን ጫፍ ወደ ላይ ሳብ ታደርጋለች። እኛ ልጆቹ «እንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለውን ተረት በፊቷ ስንተርት ዝም ብላ ትሰማን እንደነበር ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል። ያችው አያቴ ጨዋን ከምድጃው በላይ ባንጠለጠለችው ቅል ውስጥ ነበር የምታስቀምጠው። አባቷ ቡና በበቅሎ ጭነው ጋምቤላ እየወረዱ፣ ጨውና አቡጀዲ ይዘው የሚወጡ ነጋዴ ስለነበሩ «አባባ ከመርከብ የተቀበሉት ጨው» እያለች ታወራልን ነበር። መርከብ በጋምቤላ! ያን ጊዜ ተረት መስሎን እንስቅ ነበር።

ተረት አልነበረም። አጼ ምኒልክና የእንግሊዙ መልእክተኛ ጆን ሃሪንግተን ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ.ም. በተፈራረሙት የድንበር ውል ውስጥ ስለ ንግድ ጣቢያ የሚናገር አንቀጽ ነበረበት። እንግሊዝ በኢታንግ አካባቢ፣ ባሮ ወንዝ ዳር፣ ርዝመቱ ከ2,000 ሜትር ስፋቱም ከ400 ሄክታር የማይበልጥ ቦታ ትከራያለች፤ ቦታው ለፖለቲካም ሆነ ለጦር ጉዳይ አይውልም ይላል። ጣቢያው ግን ከኢታንግ ይልቅ ወደ ደጋው ቀረብ በሚለው በጋምቤላ ተቆረቆረ። ከካርቱም ተነስተው በነጭ አባይና በሶባት በኩል የሚመጡት በእንፋሎት የሚሄዱ መርከቦች ባሮን ሽቅብ ወጥተው እዚያ ይቆሙ ጀመር። ከደጋው ቡና፣ ቆዳና ሰም ይወርዳል፤ ከታች ጨውና ጨርቅ ይወጣል።

ነገሩ ሲታሰብ ግን ቀላል አልነበረም። ባሮ መርከብ የሚሸከመው በክረምት፣ ሲሞላ ብቻ ነው። ክረምት ደግሞ ከጎሬና ከደምቢ ዶሎ ቁልቁል የሚወርደው መንገድ ጭቃ የሚሆንበት ወቅት ነው። በበጋ መንገዱ ሲደርቅ ወንዙ ይጎድላል። በዚህ ላይ ቆላው የገንዲ ዝንብ ያለበት በመሆኑ ነጋዴው በቅሎዎቹን ይዞ ብዙ ሊቆይ አይደፍርም። ስለዚህ መርከቡና ሲራራው ብዙ ጊዜ ሳይገናኙ፣ ጨው በመጋዘን ወራት ይጠብቅ ነበር። በዚያ እርጥበት መጠበቅ ለጨው መከራ ነው። ንጹሕ ጨው ብቻውን እርጥበት ለመሳብ እምብዛም አይቸኩልም፤ ከአየር ውሃ የሚጠጣው በአብዛኛው አብሮት የሚመጣው ማግኒዥየም ክሎራይድ የሚባለው ነው። አያቴ ይህን ሳትማር፣ ቅሏን ከምድጃ በላይ በመስቀል መፍትሔውን አግኝታለች።

ምዕራቡ ጨው የተጠማው ግን ከመርከቡ በፊት ብዙ ዘመን አስቀድሞ ነው። በ6ኛው መቶ ዘመን ኮስማስ የተባለው ግሪካዊ ነጋዴ፣ የአክሱም ሰዎች ወርቅ ወዳለበት ወደ ሳሱ አገር ሲሄዱ ከብት፣ ብረትና ጨው ይዘው ይሄዱ እንደነበር ጽፏል። ከአንድ ሺህ ዓመት በኋላ፣ በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. አገራችን የነበረው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ የአሞሌ ዋጋ ከማውጫው በራቀ ቁጥር እንዴት እንደሚንር ይተርካል። ዳሞት ሲደርስ ደህና ባሪያ በሦስት ወይም በአራት አሞሌ ይገዛል፤ ከዚያም ወዲያ ሲዘለቅ በአንድ አሞሌ ነው። ሰው በጨው! ከአፋር በረሃ ተቆርጦ በግመልና በአህያ የሚጓዘው አሞሌ ምዕራብ ጫፍ ሲደርስ ወጥ ውስጥ ለመጨመር የሚያሳሳ ገንዘብ ነበር። በመርከብ የመጣው ጨው ለድሃው ጓዳ ምን ማለት እንደነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

ለመሆኑ ጨው ምንድን ነው? ከክብደቱ 39 በመቶ ያህሉ ሶዲየም፣ የቀረው ክሎሪን ነው። ሶዲየም ለብቻው ውሃ ሲነካው የሚፈነዳ ብረት፣ ክሎሪን ለብቻው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወታደር የፈጀ መርዛም ጋዝ ነው፤ ሁለቱ ሲጋቡ የወጥ ማጣፈጫ ይሆናሉ። ያለ እሱ ነርቭ መልእክት አያደርስም፣ ጡንቻ አይኮማተርም። ከብቶች ሆራ ፍለጋ የሚንደረደሩት በዚሁ ምክንያት ነው። የዛሬው ፋብሪካ ደግሞ ጨዉን በውሃ አሟሙቶ ኤሌክትሪክ በመልቀቅ መልሶ ያፋታዋል። ከዚያ የሚገኘው ኮስቲክ ሶዳ ለሳሙና፣ ክሎሪኑ ውሃን ከጀርም ለማጽዳት ይሆናል። ጥሬ ቆዳ እንዳይበሰብስ የሚያደርገውም ራሱ ጨው ነው።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ እኔን የሚቆጨኝ ጨዉ ውስጥ ያልነበረው ነገር ነው። ከባሕር ተተንኖም ይምጣ ከምድር ተቆፍሮ፣ ተራ ጨው ውስጥ ያለው አዮዲን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አዋቂ ሰው በቀን የሚያስፈልገው አዮዲን 150 ማይክሮ ግራም ብቻ ነው፤ የዕድሜ ልኩ ተደምሮ አንድ የሻይ ማንኪያ አይሞላም። እንደ ኢሉባቦር ባሉ ዝናባም ደጋዎች ግን ጎርፉ አዮዲኑን ከአፈር አጥቦ ወደ ወንዝ፣ ወንዙም ወደ ባሕር ይወስደዋል። ያጣ የአንገት ዕጢ ያብጣል። ለፅንስ ደግሞ ከእንቅርት የከፋ ነገር አለው፤ የአእምሮ ዕድገት ይጎዳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገ ጥናት ከተመረመሩት ተማሪዎች 30 በመቶ ያህሉ እንቅርት ተገኝቶባቸዋል። እንግዲህ ባሮ የአያቴን አገር አዮዲን ቁልቁል ሲወስድ፣ በዚያው ውሃ ላይ አዮዲን የሌለው ጨው ሽቅብ ይመጣ ነበር ማለት ነው። ቅድመ አያቴ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወርደው የገዙት ጨው ለልጃቸው አንገት አልጠቀመም።

ሱዳን ነጻ ከወጣች በኋላ በ1956 እ.ኤ.አ. ጣቢያው ለኢትዮጵያ ተመለሰ። ጨውም ፊቱን ወደ አሰብና ምጽዋ አዞረ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. እዚያ አዮዲን ይጨመርበት ጀምሮ ነበር፤ የ1998ቱ ጦርነት ሲመጣ ግን አገሪቱ አዮዲን ወደሌለው የአፍዴራ ጨው ዞረች። በ2011 እ.ኤ.አ. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘው 15 በመቶ በሚሆኑት ቤቶች ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድድ ደንብ ወጣ፤ በ2016ቱ ጥናት ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ።

በቅርቡ ጋምቤላ ገበያ ውስጥ አንዲት እናት ጨው በኩባያ እየሰፈሩ ሲሸጡ አገኘኋቸው። ጆንያው አፉን ከፍቶ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። አዮዲን ደግሞ ፀሐይም፣ ሙቀትም፣ እርጥበትም አይወድም፤ ቀስ በቀስ ይሸሻል። የአያቴ ቅል ትዝ አለኝ፤ አዮዲን ያለው ጨው ቢኖራትም ኖሮ ምድጃው ያባርርባት ነበር። «እማማ፣ ጥላ ሥር ቢያደርጉት አይሻልም?» አልኳቸው። «እንዳይረጥብብኝ ነው ልጄ» አሉና አንድ ኩባያ ሰፈሩልኝ።