የኮሌጅ ሴቶች ጂምናስቲክ፦ ከዩታ እስከ ፊስክ

እዚህ ኦቦ ሆነን ስለ ሴቶች ስፖርት ስናስተምር በቅድሚያ የምናነሣው ሩጫን ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1992 በባርሴሎና በ10,000 ሜትር የተቀዳጀችው ድል፣ ለጥቁር አፍሪቃዊት ሴት የመጀመሪያው የኦሎምፒክ ወርቅ ስለሆነ፣ ተገቢ ምሳሌ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይሁን እንጂ ሩጫ መንገድና ብርቱ ሳንባ ካለ ይጀመራል። ጂምናስቲክ ግን አዳራሽ፣ ምንጣፍ፣ መሣሪያና ለዓመታት የማይለይ አሠልጣኝ ይጠይቃል። ስለዚህ የጂምናስቲክ ታሪክ ከሞላ ጎደል የትምህርት ቤቶች ታሪክ ነው ብንል ማጋነን አይሆንም። ለዚህም የአሜሪካ ኮሌጆች ጥሩ ማስረጃ ናቸው።

ሴቶቹ የሚወዳደሩት በአራት ዓይነት ነው፤ ይኸውም ተንደርድሮ በመዝለል፣ ከፍታቸው በተለያየ ሁለት አግዳሚ ዘንጎች ላይ በመሽከርከር፣ ስፋቱ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ በሆነ ምሰሶ ላይ በመሥራትና በምንጣፍ ላይ በሚደረግ ትርኢት ነው። በእያንዳንዱ ስድስት ልጃገረዶች ይቀርባሉ፤ የሚደመረው ግን የአምስቱ ከፍተኛ ውጤት ነው። የአንዷ ጣሪያ 10 ነጥብ ስለሆነ የቡድኑ ጣሪያ 200 ይሆናል። የሒሳብ መምህራን ለክፍል መልመጃ ቢያደርጉት አንቃወምም።

በ1972 የአሜሪካ መንግሥት ገንዘቡን በሚቀበል ትምህርት ቤት ሁሉ በፆታ ማበላለጥን የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ ስለ ስፖርት ብሎ የወጣ ባይሆንም ለስፖርተኛ ልጃገረዶች በር ከፈተ። የዩታ ዩኒቨርሲቲ በ1975 ቡድኑን ያቋቋመው ይህን ተከትሎ ነው፤ አሠልጣኙም ግሬግ ማርስደን የተባለ ወጣት ነበር። ቡድኑ በ1981 በሴቶች ኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ሥር አሸነፈ። በ1982 የወንዶቹን ውድድር ይመራ የነበረው ትልቁ ማኅበር የሴቶችንም ሻምፒዮና ጀመረ፤ ዩታም ያንን የመጀመሪያ ዋንጫ በገዛ ከተማው በሶልት ሌክ ሲቲ ወስዶ እስከ 1986 ድረስ አምስት ዓመት በተከታታይ አልለቀቀም። ማርስደን አሠልጣኝነቱን የተወው በ2015 ነው። አንድ ሰው በአንድ ቡድን 40 ዓመት! ከዋንጫዎቹ ይልቅ ይህ ይበልጥ ያስደንቀናል።

ከ1982 እስከ 2012 ድረስ ዋንጫውን የተፈራረቁበት አራት ዩኒቨርሲቲዎች ብቻ ናቸው፤ እነርሱም ዩታ፣ ጆርጂያ፣ አላባማና የሎስ አንጀለሱ ካሊፎርኒያ ናቸው። ሀብትና ልምድ ባለበት ድል እንደሚደጋገም ከዚህ ይታያል። በ1989 ግን ጆርጂያ ሲያሸንፍ ከቡድኑ አባላት አንዷ ኮሪን ራይት በአራቱም ዓይነት ድምር አንደኛ ወጣች። ይህን ማዕረግ ያገኘች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ናት።

ይህችው ሴት ከ30 ዓመት በላይ ቆይታ የፊስክ ዩኒቨርሲቲ አሠልጣኝ ሆነች። ፊስክ ከእርስ በርሱ ጦርነት በኋላ ነፃ ለወጡ ባሮች በናሽቪል በ1866 የተከፈተ ትምህርት ቤት ነው። ገንዘብ ሲያጥረው ከ1871 ጀምሮ ተማሪዎቹ እየዞሩ በመዘመር አትርፈውታል። እንዲህ ካሉት ከ100 ያህል የጥቁሮች ኮሌጆች መካከል የሴቶች ጂምናስቲክ ቡድን አቋቁሞ ለመወዳደር ፊስክ የመጀመሪያው ሆነ፤ የመጀመሪያ ውድድሩንም በጥር 2023 አደረገ። ገና በሁለተኛው ዓመት፣ በ2024፣ ሞርጋን ፕራይስ በአገር አቀፍ የኮሌጆች ውድድር በአራቱ ድምር አሸነፈች። በ2025 ደግሞ ሙሉ 10 ነጥብ አገኘች፤ ከጥቁሮች ኮሌጅ ይህን ያደረገ ከእርሷ በፊት አልነበረም።

ታዲያ ቡድኑ ለምን አልጸናም? ዩኒቨርሲቲው በዚያው በ2025፣ ከ2026 የውድድር ዘመን በኋላ ጂምናስቲክን እንደሚያቆም አስታወቀ። ተከታዩ የጥቁሮች ኮሌጅ ታላዴጋም ከአንድ ዓመት በኋላ በ2024 ቡድኑን ዘግቶ ነበር። ዩታ ያሸነፈው የሚገጥማቸው ብዙ ኮሌጆች፣ የታወቀ የውድድር ፕሮግራምና በኋላም ከ10,000 በላይ ተመልካች ስለነበሩት ነው። ፊስክ የሚገኝበት የኮሌጆች ማኅበር ግን የጂምናስቲክ ውድድር የለውም፤ በዚህም ምክንያት ተጋጣሚ ማግኘትም ሆነ አዲስ ልጃገረዶችን መመልመል አስቸጋሪ ሆነበት።