ብርዝና ፓንች

አያቴ በሕይወት ሳለች፣ በፋሲካ ዋዜማ በቤታችን ሦስት ዓይነት መጠጥ ይሰናዳ ነበር። ጠላው በጋን፣ ጠጁ በእንስራ፣ ብርዙ ደግሞ በአንዲት ትንሽ ገንቦ። የገንቦዋን አፍ አያቴ በነጭ የነጠላ ቅዳጅ ጥብቅ አድርጋ ታስረውና ከጠላውና ከጠጁ አርቃ፣ በመኝታ ክፍሏ ጥግ ታስቀምጣት ነበር። እኛ ልጆች ከዚያች ገንቦ የምንቀምሰው እሷ በገዛ እጇ ስትቀዳልን ብቻ ነው። ማንም ሌላ ሰው እንዲነካት አትፈቅድም። «የሰው አደራ ናት» ትለን ነበር።

አደራው የጎረቤታችን ነበር። እማማ እንላቸዋለን፤ ትውልዳቸው ሐረር፣ ሃይማኖታቸው እስልምና፣ አጥራቸው ከአጥራችን የተያያዘ። በፋሲካ ቀን፣ ከቀትር በኋላ፣ ነጭ ሻሻቸውን ተከናንበው ይመጣሉ። ሥጋ አይቀርብላቸውም፤ ድፎ ዳቦ ይቆረስላቸዋል፤ ብርዝ ይቀዳላቸዋል። ብርዝ ማር በውሃ ተበጥብጦ፣ ጌሾ ሳይገባበትና ሳይፈላ የሚጠጣ ነውና ለልጆችም፣ የሚያሰክር ለማይቀምሱ ሙስሊም ወዳጆችም ከጥንት ጀምሮ የሚቀርብ የበዓል መጠጥ ነው። በኢድ ቀን ደግሞ ተራው የእኛ ነበር። ይህ ሥርዓት እኔ ከመወለዴ በፊት የተጀመረ በመሆኑ፣ እንደ ግድግዳውና እንደ ጣሪያው ሁልጊዜ የሚኖር ይመስለኝ ነበር።

አያቴ ካረፈች በኋላ የመጀመሪያው ፋሲካ ሲመጣ ጠላው ተጠመቀ፣ ጠጁም ተገዛ። ብርዙን ግን ያሰበው ሰው አልነበረም። እኔ ትዝ ያለኝ በስቅለት ዕለት ነው፤ ማሩንም፣ ልኩንም፣ ጊዜውንም የማውቅ አልሆንኩም። ስለዚህ የማውቀውን ለመሥራት ቆረጥኩ፤ በልደትና በሠርግ ቤት የለመድነውን ፓንች።

አሠራሩ ቀላል ነው፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይጠበቃል። ሁለት ብርጭቆ ስኳር በሁለት ብርጭቆ ውሃ ላይ አድርጌ፣ አንድ እንጨት ቀረፋና አራት ፍሬ ቅርንፉድ ጨምሬ አፈላሁና አቀዘቀዝኩት። የስድስት ብርቱካንና የአራት ሎሚ ጭማቂ ጨመቅሁበት። አናናሱንና ማንጎውን በደቃቁ ከትፌ ከጭማቂው ጋር ቀላቅዬ ሌሊቱን በቀዝቃዛ ቦታ አሳደርኩት፤ ፍሬው ጣፋጩን ስኳር ሲጠጣ ጭማቂውም የፍሬውን መዓዛ ይወስዳል። ሙዙን የጨመርኩት በመጨረሻ ነው፤ ቀድሞ ከተቆረጠ ይጠቁራል፤ ሎሚ ካገኘው ግን መልኩን ይዞ ይቆያል። ፓፓያ አላስገባሁም፤ ይሟሟና መጠጡን ያደፈርሰዋል። ሦስት ጠርሙስ አምቦ ውሃ ያፈሰስኩበት እንግዶች ከመቀመጣቸው ጥቂት ቀደም ብዬ ነው፤ አስቀድሞ የገባ እንደሆነ ጋዙ ወጥቶ ይተኛል።

ጎድጓዳውን ሳሕን ከጠጁ አጠገብ ሳኖረው ትልቁ አጎቴ አየውና ፊቱን አጨማደደ። «ደግሞ ይኼ ምንድነው?» አለ። «ጠላና ጠጅ ባለበት ቤት የፈረንጅ ጭማቂ ምን ይሠራል? እናቴ ካረፈች ገና ዓመት ሳይሞላ ባህሉ ተበረዘ!»

መልስ አልሰጠሁትም። ከዚያ የባሰው ግን ቀጥሎ መጣ። እማማ መጥተው ተቀመጡ። ቀዳሁላቸውና ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ወደ አፋቸው ሲያስጠጉት፣ ከወዲያ ጥግ የአጎቴ ልጅ ለእኩዮቹ «ጂኗ አልበዛችም አይደል?» ብሎ ሲሥቅ ሰማሁ። ለጨዋታ ብሎ ማንም ሳያየው አፍስሶበታል። ብርጭቆውን ከእማማ እጅ የነጠቅሁበትን ፍጥነት አልረሳውም። ጥቂቱ በነጠላቸው ላይ ፈሰሰ። ምክንያቱን ስነግራቸው ዝም አሉ፤ ቀጥለውም በለሆሳስ «የአያትህ ገንቦ የለችም ወይ?» ብለው ጠየቁኝ። የዚያን ዕለት እማማ ውሃ ጠጥተው ሄዱ።

* * *

ሰው ሲያፍር ወይ ይሸሻል ወይ ያነባል። እኔ አነበብኩ። አጎቴ «የፈረንጅ» ያለው መጠጥ ከወዴት እንደመጣ ለማወቅ ፈለግሁ፤ ምናልባትም ራሴን ነጻ የማወጣበት ምክንያት እፈልግ ነበር።

ፓንች ከአውሮፓ አልተወለደም። የተወለደው በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ የእንግሊዝ ምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ ነጋዴዎች ከአገሬው ሰው ጋር በሚገበያዩባቸው የወደብ ከተሞች ነው። ስሙ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የተገኘው በሕንድ የነበረ አንድ የኩባንያው ሰው እ.ኤ.አ. በ1632 ለወዳጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ ነው። ቁጥሩን ሳነብ ቆም አልኩ። በዚያው በ1632 ሰኔ ወር ነበር አፄ ሱስንዮስ፣ አገሩ በሃይማኖት ጠብ ደም ከተቃባ በኋላ፣ የካቶሊክን እምነት ትቶ ዙፋኑን ለልጁ ለፋሲል የለቀቀው። ሁለቱን ነገሮች የሚያገናኛቸው ምንም የለም፤ እኔ ግን ከዚያ ወዲህ አንዱን ያለ ሌላው ማሰብ አልቻልኩም።

ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1638፣ ማንደልስሎ የሚባል ጀርመናዊ ተጓዥ በሱራት ከተማ እንግሊዞች ከአረቄ፣ ከጽጌረዳ ውሃ፣ ከሎሚ ጭማቂና ከስኳር የተቀላቀለ መጠጥ ሲጠጡ አይቶ ጻፈ። በ1670ዎቹ በዚያው አገር የነበረው እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ፍራየር ደግሞ፣ በ1698 ባሳተመው መጽሐፉ፣ ስሙ «አምስት» ከሚለው የሕንድ ቃል መምጣቱን፣ ምክንያቱም መጠጡ ከአምስት ነገሮች መሠራቱ መሆኑን ገለጸ። ፓንች ማለት አምስት ማለት ነው፤ አረቄ፣ ስኳር፣ ሎሚ፣ ውሃና ቅመም።

ከሁሉ ይበልጥ ልቤን የያዘው ግን ፈረንሳዊው ሐኪም ፍራንሷ በርኒየ ነው። ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ1658 ገደማ ከግብፅ ተነሥቶ ቀይ ባሕርን ሲወርድ አሳቡ ሌላ ነበር፤ ወደ ጎንደር፣ ወደ አፄ ፋሲል ከተማ ለመግባት ይመኝ ነበር። ነገር ግን ኢየሱሳውያኑ ከተባረሩ ወዲህ ለካቶሊክ ሰው በዚያ አገር ደኅንነት እንደሌለው ነገሩት። አሳቡን ለውጦ ወደ ሱራት በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። በሕንድም ዓመታት ኖሮ ስለ አገሩ ሲጽፍ፣ በቤንጋል የነበሩ አውሮፓውያን የሚጠጡትን ፓንች አነሣ፤ ከጥቁር ስኳር የወጣ አረቄ፣ የሎሚ ጭማቂ፣ ውሃና ጥቂት ገውዝ። ጣዕሙ እንደማይከፋ፣ ለሰውነት ግን ጎጂ እንደሆነ መሰከረ። ጎንደርን ሊያይ የወጣ ሰው የጎንደርን ጠጅ ሳይቀምስ ስለ ፓንች ጻፈልን!

ኢትዮጵያ ግን እዚያም አገኘችው። በርኒየ በዴልሂ ሳለ የአፄ ፋሲል መልእክተኞች ወደ ሙጋሉ ንጉሥ ወደ አውራንግዜብ መጡ። አንዱ ሙራድ የሚባል አርመናዊ ነጋዴ፣ ሌላው ሙስሊም ነጋዴ ነበር። ካመጡት ገጸ በረከት መካከል ዝባድ የተሞላ የበሬ ቀንድ ይገኝበታል። ፈረንሳዊው እየሄደ አጫወታቸው፤ ስለ ዐባይ ምንጭም ጠየቃቸው። የክርስቲያኑ ንጉሥ መልእክት በአንድ ክርስቲያንና በአንድ ሙስሊም እጅ ባሕር ተሻግሮ መሄዱን ሳነብ፣ ያቺ አፏ በነጭ ጨርቅ የታሰረች ገንቦ ትዝ አለችኝ።

* * *

አጎቴ «የፈረንጅ» ያለውን ሳሕን እንደገና በዓይነ ኅሊናዬ ተመለከትኩት። በውስጡ ያሉት ስሞች ሁሉ መንገደኞች ናቸው። ስኳር ከሳንስክሪት ተነሥቶ በፋርስና በዐረብ በኩል ወደ እኛ ደርሷል። ሎሚም በፋርስና በዐረብ አፍ አልፎ የመጣ ስም ነው። ብርቱካን፣ ዐረቦች ከፖርቱጋል አገር ስም አውጥተው ለፍሬው የሰጡት ነው። ማንጎ የደቡብ ሕንድ፣ አናናስ የደቡብ አሜሪካ ነባር ሕዝቦች ቃል ነው፤ ሁለቱንም ፖርቱጋሎች በዓለም አዳረሷቸው። የአምስቱ አለቃ የሆነው አረቄ እንኳ ከዐረብኛው «ዐረቅ» የመጣ ነው፤ ትርጉሙም ላብ። በማውጫው ጫፍ ጠብ ጠብ ሲል ያየ ሰው ስሙን ለምን እንዳገኘ አይጠፋውም። ስለዚህ ከፓንች ባዕድ የሚባለው ስሙ ብቻ ነው። ስኳሩን፣ ሎሚውንና አረቄውን በየራሳቸው ስም ስንጠራቸው ኖረናል።

እዚህ ላይ ነበር እንደ ሰረቀኝ የነበረው ነገር የተገለጠልኝ። ማንደልስሎ ከዘረዘራቸው ነገሮች አረቄውን አውጥተን ብናይ የሚቀረው ምንድነው? የጽጌረዳ ውሃ፣ ሎሚና ስኳር። ይህ ደግሞ ሸርበት ነው፤ የሚያሰክር የማይቀምሰው የሙስሊሙ ዓለም ለእንግዳው የሚያቀርበው ጥንታዊ መጠጥ። ቃሉ ከዐረብኛው «ሸሪበ»፣ ጠጣ፣ ከሚለው ይወጣል፤ ከመድኃኒት ቤት የምንገዛው ሽሮፕ እንኳ የዚሁ ሥር ቅርንጫፍ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በእንግሊዝና በአሜሪካ መጠጥን የሚነቅፉ ማኅበራት ሲበረቱ፣ አረቄ የሌለበትን ፓንች በየግብዣው ማቅረብ ተለመደ። አዲስ ነገር የፈጠሩ መስሏቸው ይሆናል። ያደረጉት ግን ከመርከበኞቹ በፊት ወደነበረው ገበታ መመለስ ነበር። አረቄ የሌለበት ፓንች የጎደለው ነገር የለም። ጂኑ ነው የኋላ መጤው።

አንድ ቃል ደግሞ ቀረኝ፤ የአጎቴ ቃል። «ባህሉ ተበረዘ» አለኝ። በረዘ ማለት ቀላቀለ፣ ደባለቀ ማለት ነው። ዛሬ ቃሉን የምናውለው ለወቀሳ ነው፤ የተበረዘ ቋንቋ፣ የተበረዘ ታሪክ እንላለን። የአያቴ ብርዝስ ከምን የመጣ ስም ነው? ከዚያው ከመበረዝ ነው፤ ማር በውሃ ሲበረዝ። አያቴ ለእማማ የምታሰናዳው መጠጥ በስሙም በግብሩም ድብልቅ ነበር፤ ንጹሕነቱን የሚጠብቀው ግን በአፉ ላይ የታሰረው ጨርቅ ነው። እኔ ያጠፋሁት ማቀላቀሌ አልነበረም። ሳሕኑን ጠባቂ ሳላቆምለት ትቼው መሄዴ ነው። አጎቴ የተቆጣው በፓንቹ ቢሆንም፣ በዚያ ቤት የጎደለው ነገር እንዳለ ከሁላችን ቀድሞ አውቆት ነበር ብዬ አምናለሁ። እናቱ ነበረችና።

* * *

በዚህ ዓመት ፋሲካ እንደገና ሠራሁ፤ ዘንድሮ ግን በሁለት ዕቃ። አንዱ ለሚፈልገው እንደፈለገ ያድርገው ብዬ በጎድጓዳው ሳሕን አቀረብኩት። ሁለተኛውን በአያቴ ገንቦ ውስጥ ሞላሁት። በስኳሩ ፈንታ ማር በጠበጥኩ፤ ከቀረፋው ጋር ጥቂት ገውዝ ፈግፍጌ ጨመርኩበት። አምቦ ውሃውን ተውኩትና ንጹሕ ውሃ አደረግሁ። አፏን በነጭ ጨርቅ አስሬ በመኝታ ክፍሉ ጥግ አስቀመጥኳት። የአጎቴ ልጅ በዚያ ሲያልፍ አይቷት፣ ምንም ሳይናገር በሩን ዘግቶልኝ ሄደ።

እማማ ከቀትር በኋላ መጡ። ይመጣሉ ብዬ አልተማመንኩም ነበር። ጨርቁን በፊታቸው ፈታሁ፤ በፊታቸው ቀዳሁ። ብርጭቆውን ተቀብለው ጥቂት አሸተቱት፤ ከዚያም ቀመሱ። ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ።

«ይኼማ ሸርበት ነው» አሉ። «ልጅ ሳለሁ ሐረር፣ በሠርግ ቤት እንጠጣው ነበር። አንተ ይኼን ከየት አመጣኸው?»

ከዴልሂና ከሱራት፣ ጎንደርን ሳያይ ከቀረው ፈረንሳዊ ልል ነበር። ነገር ግን ረጅም ይሆናል። «ከአያቴ ገንቦ ነው፣ እማማ» አልኳቸው። አጎቴ ከማዶ ጠጁን ይዞ ይመለከተን ነበር። ጥቂት ቆይቶ ብርሌውን አስቀመጠና «እስኪ ለእኔም ከዚያች ቅዳልኝ» አለ።

ቀዳሁለትና የገንቦዋን አፍ መልሼ አሰርኩ።